ከጎንደር ከመጣው ሰው ጋር የተጣላው ዛፍ

«ነጭ ሸሚዝና ሱሪ ገዛች» ቢሉን ሱሪው ነጭ ይሁን አይሁን አናውቅም። ቃላቱ ያው ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸውም ያው ነው፤ የሚለየው አቧደናቸው ብቻ ነው። «ነጭ» ከሸሚዙ ጋር ብቻ ከተቧደነ ሱሪው ጥቁርም ቡናማም ሊሆን ይችላል። «ሸሚዝና ሱሪ» አስቀድመው አንድ ላይ ከታሰሩና «ነጭ» ከበላያቸው ካረፈ ግን ሁለቱም ነጭ ናቸው። የአገባብ ምሁራን ዐረፍተ ነገርን በዛፍ መልክ የሚስሉት ጆሮ የማይለየውን ቡድን ዓይን እንዲያየው ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከዛፉ ጋር ተጭኖ ስለሚመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ይህም የቃላት ቅደም ተከተል ነው።

አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ኖአም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት አነስተኛ መጽሐፍ የሐረግ አመሠራረትን በሕግ መልክ አስቀመጡት። ዐረፍተ ነገር ስማዊ ሐረግና ግሳዊ ሐረግ ይሆናል፤ ግሳዊ ሐረግ ደግሞ ግስና ስማዊ ሐረግ ይሆናል፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ሕጉ የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ስለነበር ግሱ ቀደመ። ለአማርኛ ሲጻፍ ይገለበጣል። ልብ ብሎ ላየው አንዱ ሕግ በአንድ ትንፋሽ ሦስት ነገር ይናገራል፦ ማን ከማን ጋር እንደሚቧደን፣ ቡድኑ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደሚቀድም። እ.ኤ.አ. በ1970 ቾምስኪ ራሳቸው ማሻሻያ አመጡ፤ እያንዳንዱ ሐረግ መሪ ይኑረው፣ ስማዊ ሐረግን ስም፣ ግሳዊ ሐረግን ግስ ይምራው ተባለ። ሦስቱ ነገሮች ግን በዚያው በአንዱ ሥዕል ላይ ታጭቀው ቆዩ።

ይህ አስተሳሰብ ወደ አማርኛ ትምህርት በሰፊው የገባው በፕሮፌሰር ባየ ይማም ሥራ፣ በተለይም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት የሰዋስው መጽሐፍ ነው። የቃል ክፍሎችን በአምስት ጠቅልለው (ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስ፣ መስተዋድድ) ሐረጎችን በመሪያቸው አደራጁልን። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ የቃላት ዝርዝር ከመሸምደድ አውጥቶ ወደ አገባብ አሻገረን። ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። በክፍል ውስጥ ዛፉ የሚፈተን መላ ምት መሆኑ ቀርቶ የሚሞላ ቅጽ ሆነ። «ካሳ ትልቅ ቤት ሠራ» ተብሎ ይጻፋል፣ ተማሪው ይስላል፣ መምህሩ ያርማል። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ከዛፉ ጋር ፈጽሞ አይጣላም፤ የተመረጠውም ስለማይጣላ ነው።

እስቲ የሚጣላውን እንውሰድ፤ «ትናንት ከጎንደር ከመጣው ሰው ጋር አወራሁ»። ማንም የሚለው ተራ ንግግር ነው። ያወራሁት ከማን ጋር ነው? ትናንት ከጎንደር ከመጣ አንድ ሰው ጋር። «ትናንት ከጎንደር የመጣው ሰው» የሚለው ሙሉ ቡድን በአንድ «እሱ» ይተካል፤ ሲተካም «ከእሱ ጋር አወራሁ» እንላለን። ስለዚህ «ከ» የሙሉ ቡድኑ ነው፤ ዛፉ ላይ ከቡድኑ ውጭ፣ ከበላዩ መቀመጥ አለበት። የዛፉ ሕግ ደግሞ ቅርንጫፎች አይቆራረጡም ይላል። እንግዲያው «ከ» ከ«ትናንት» በፊት ልትመጣ ነው። «ከትናንት ከጎንደር የመጣው ሰው ጋር አወራሁ» ግን አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው አይለውም። «ከ» ቡድኑን ሰንጥቃ ገብታ፣ ከገላጩ ዐረፍተ ነገር ግስ ላይ ተለጥፋ እናገኛታለን። እዚያ ስትደርስ «የ»ን አስወጥታለች፤ «ከየመጣው» አንልም። («ከልጁ ቤት» ስንልም እንዲሁ ነው፤ «ከየልጁ» ብንል «ከእያንዳንዱ ልጅ» ሆኖ ያርፈዋል።)

«ከ» ብቻ አይደለችም። «ትናንት የመጣውን ሰው አየሁት» ስንል የተሳቢው «ን» ከስሙ ላይ ሳይሆን ከግሱ ላይ ነው። እምርነትን፣ ማለትም ነገሩ ተለይቶ የታወቀ መሆኑን፣ የምታመለክተውስ «ው» (ወይም «ኡ»)? «መጽሐፉ» ሲሆን ከስሙ ጋር ናት። «ጠቃሚው መጽሐፍ» ሲሆን ወደ ቅጽሉ ትዘላለች። «ለልጆች ጠቃሚው መጽሐፍ» ሲሆን የመጀመሪያውን ቃል አልፋ የገላጩን ሐረግ መሪ ፈልጋ ትይዛለች። ስለዚህ «ከመጀመሪያው ቃል ላይ ትለጠፋለች» የሚለው ደንብ አያስኬድም፤ «ከስሙ ላይ ትለጠፋለች» የሚለውም እንዲሁ። ቦታዋን ለማወቅ አቧደኑንም ቅደም ተከተሉንም ማወቅ ይጠይቃል፤ ሁለቱን ግን እንደ አንድ ነገር ከቆጠርናቸው አናገኛትም።

ከግዕዝ ጋር ስናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ግዕዝ «የመጣ ሰው» ለማለት «ብእሲ ዘመጽአ» ይላል፤ ስሙ ቀድሞ ገላጩ ይከተላል፣ «ዘ»ም ከገላጩ መግቢያ ላይ ናት። እዚያ ዛፉ ብዙ አይቸገርም። አማርኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር ለዘመናት ተጎራብቶ ገላጩን ወደ ፊት፣ ግሱን ወደ ኋላ አዞረ፤ እንደ «ከ»፣ «በ»፣ «ለ» ያሉትን ግን ከፊት እንደተለጠፉ ይዟቸው ቀረ። የቋንቋ ምሁሩ ጆሴፍ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1963፣ 30 ቋንቋዎችን አስተያይተው፣ ግሳቸውን መጨረሻ ላይ የሚያደርጉ ቋንቋዎች መስተዋድዳቸውን በአመዛኙ ከስም በኋላ ያደርጋሉ ብለው ነበር። አማርኛ «ጋር»ንና «ላይ»ን ከኋላ አድርጎ ለግሪንበርግ ይታዘዛል፤ «ከ»ንና «በ»ን ከፊት አድርጎ ደግሞ ያምፃል። አንዳንዴም በአንዱ ሐረግ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያደርጋል፤ «ከሰውየው ጋር» እንደምንለው።

የንድፈ ሐሳብ ሰዎች ለዚህ ዓይነቱ ነገር ብዙ መውጫ አበጅተዋል፤ ሁሉም ግን እኩል አያሳምኑኝም። ሪቻርድ ኬይን እ.ኤ.አ. በ1994 የሁሉም ቋንቋ መነሻ አንድ ነው፣ መሪው ይቀድማል ማሟያው (ለምሳሌ የግሱ ተሳቢ) ይከተላል አሉ። በዚህ ስሌት አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ሌላው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ፊት ስለተጓዘ ነው። አማርኛን ለመግለጥ መጀመሪያ እንግሊዝኛን የመሰለ ዐረፍተ ነገር ሠርቶ ከዚያ ማፍረስ ከጥቅሙ ወጪው ይበዛል ባይ ነኝ። ቾምስኪ በዓመቱ፣ በ1995፣ በተቃራኒው ዛፉን አራቆቱት፤ ዛፉ ሁለት ነገሮች መጣመራቸውን ብቻ ይናገር፣ ቅደም ተከተሉ ወደ ድምፅ ሲለወጥ ይወሰን አሉ። ሩት ክሬመር እ.ኤ.አ. በ2010 የአማርኛውን የእምርነት ምልክት ያጠኑት በዚህ መንፈስ ነው፤ ምልክቷ ቦታዋን የምትይዘው አገባቡ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው ብለው ተከራክረዋል። ጆአን ብሬስናንና ሮናልድ ካፕላን ደግሞ ከዚህ ሁሉ አስቀድመው፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ አንድ ሥዕል አይበቃም፣ አንዱ ቡድንና ቅደም ተከተልን ሌላው ባለቤትና ተሳቢን ያሳይ ብለው ነበር። ለአማርኛ ይህኛው ይበልጥ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። «ከ» በአንዱ ሥዕል ከግሱ ጋር ትቀመጣለች፣ በሌላው የሙሉው ቡድን ትሆናለች፤ ማንም ወደ የትም አልተጓዘም።

ሐረግ የሚባለውን ጨርሶ እንተወው የሚሉም አሉ። የፈረንሳዊው የሉስየን ቴኒየር መንገድ፣ ከሞቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ በታተመው ሥራቸው የቀረበው፣ ሐረግ የሚባል አያውቅም፤ ቃል ከቃል ላይ ይንጠለጠላል፣ ከሁሉ በላይ ግሱ ይቆማል። ዛሬ ኮምፒዩተርን አገባብ የሚያስተምሩ ባለሙያዎች በብዛት የሚከተሉት ይህን ነው። በዚሁ ስልት ተዘጋጅቶ በይፋ የወጣ የአማርኛ ክምችትም አለ፤ 1,074 ዐረፍተ ነገሮች ይዟል፣ ቅጥያዎችንም ከቃሉ ነጥሎ ያስቀምጣል። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን «ከ»ን ነጥለን ከ«ሰው» ላይ ብናንጠለጥላት፣ «ትናንት»ንም ከ«መጣው» ላይ ብናንጠለጥል፣ ሁለቱ መስመሮች ይቆራረጣሉ። ከዛፉ ሸሽተን የመጣንበት ችግር ደጃፉ ላይ ይጠብቀናል። ሐረግ ይኑር አይኑር የሚለው ሙግት ለአማርኛ ዋናው ጥያቄ ያልሆነውም ለዚህ ነው።

ለመምህራን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ተማሪው ዛፍ ከመሳሉ በፊት ቡድኑን በማስረጃ ያሳይ፤ የትኞቹ ቃላት በ«እሱ» ወይም በ«እዚያ» ይተካሉ፣ የትኞቹ አብረው ቦታ ይለውጣሉ፣ የትኞቹ በ«ና» ይያያዛሉ። ቅደም ተከተሉን ለብቻው ይጻፍ። ሁለቱ ሲጋጩ ግጭቱን ከወረቀቱ ላይ ያስቀምጠው እንጂ የሚመች ዐረፍተ ነገር ፍለጋ አይሂድ። ነጥብም የሚሰጠው ለሥዕሉ ውበት ሳይሆን ለክርክሩ ይሁን፤ ሁለት ተማሪዎች ሁለት የተለያዩ ዛፎች ስለው፣ ሁለቱም ማስረጃቸውን ካቀረቡ፣ ሁለቱም ሙሉ ነጥብ የሚያገኙበት ፈተና እስካሁን አላየሁም።