ሪባን ለማይቆረጥለት ነገር በጀት የለም

እኔ ምለው፣ መሀል ከተማ ፋውንቴን ለመትከል ብር በአንድ ሌሊት ይገኛል፣ ሰፈር ውስጥ የፍሳሽ ቱቦ ሲፈነዳ ግን «በጀት አልቋል»። አስፋልቱን አሳምረው ያነጥፉታል፣ የመስመሩ ቀለም ሳይደርቅ ሌላ መስሪያ ቤት መጥቶ ለውሃ መስመር ይቆፍረዋል፣ ከዛ አፈር ደፍተውበት ውልቅ፣ ሁለቱንም ጊዜ የከፈልነው እኛው ነን እኮ!

ብሩ ያው ከንብረት ግብርና ከመሬት ነው፣ ካልበቃ ቦንድ ሸጠው ይበደራሉ። ሀያ ሰላሳ አመት ለሚከፈል ዕዳ ሪባን የቆረጠው ሰውዬ በአምስት አመቱ ወንበሩን ለቆ ሄዷል። መበደሩ አይደለም የሚያናድደኝ በነገራችን ላይ፣ ለልጅ ልጅ ለሚተርፍ ቱቦ መበደር ምንም ነውር የለውም፣ የጥገናውን ብር ማንም አለማሰቡ ነው።

ደሞ አለላችሁ ካሊፎርኒያ በ1952 (በፈረንጆቹ) የጀመረችው ዘዴ፣ ሰፈሩ ሲታደስ የሚጨምረውን የንብረት ግብር እዛው ሰፈር ለማልሚያ መያዝ። ሲያወሩት ያምራል፣ ግን ለትምህርት ቤት ምናምን ሊሄድ የሚችለውን ገቢ ይይዘዋል፣ ራሷ ካሊፎርኒያም በ2012 በዚሁ ብር ይሰሩ የነበሩትን የማልሚያ ኤጀንሲዎቿን ዘግታለች። ሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች ጋ ግን ዘዴው አሁንም አለ። ከዛ ሰፈሩ ሲያምር ኪራይ ይሰቀላል፣ ነባሩ ተከራይ ጓዙን ጠቅልሎ ዳር ይወጣል፣ እሱ ለወጣበት ዳር ደሞ አዲስ መንገድ አዲስ መብራት አዲስ ቱቦ፣ በሌላ ብድር።

የፕሮጀክቱን ፖስተር አይታችሁታል ግን? ዛፍ አለ፣ ሳይክል የሚነዳ ሰው አለ፣ ፊኛ የያዘች ህፃን አለች። ቱቦ የለም።