እስከ ነገ ብቻ

ሌባ ጨዋነት ይጎድለዋል፤ ሳያስፈቅድ ይወስዳል። አጭበርባሪ ግን የተከበረ ሰው ስለሆነ ያስፈቅዳል። ገንዘቡን ቆጥረን፣ ፖስታ ውስጥ ከትተን፣ «አደራህን፣ እኔን እንዳትረሳኝ» ብለን የምንሰጠው ራሳችን ነን። ሲሄድም በር ድረስ እንሸኘዋለን።

የዚህ ሙያ አንዱ አውራ እ.ኤ.አ. በ1849 ኒው ዮርክ ውስጥ የተያዘው ዊሊያም ቶምፕሰን ነበር። አምሮበት ለብሶ ወደማያውቀው ሀብታም ጠጋ ይላል፤ የቆየ ወዳጅ መስሎ ሰላምታ ያቀርባል፤ ጨዋታው ሞቅ ሲል «ሰዓትዎን እስከ ነገ በአደራ ሊሰጡኝ ያምኑኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ጉልበት የለም፣ ስለት የለም፤ ያለው ይሉኝታ ብቻ ነው። ደህና የለበሰን፣ ፈገግ ብሎ ፊት ለፊት የቆመን ሰው «አላምንህም» ማለት እንዴት ይቻላል? ባለ ሰዓቱ ከሚያፍር ሰዓቱን ቢያጣ ይመርጣል። ነገ ይመጣል፤ ቶምፕሰን አይመጣም። በኋላ የተያዘውም ከተበሉት አንዱ መንገድ ላይ ድንገት ስላየው ነው።

እኛም ብድር ስንጠየቅ ያው ነን። አንዱ ወዳጃችን ላብ እያጠመቀው ይመጣና «ምናልባት በወሩ መጨረሻ እመልስ ይሆናል፤ ካልሞላልኝም ግማሹን…» ይላል። ገና «ምናልባት» ሲል ኪሳችን ይዘጋል። ሁለተኛው እግሩን አነባብሮ «ሰኞ፣ ከምሳ በፊት» ይላል። ለእሱ እንሰጣለን። የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልተናገረም፤ መጠየቁም ነውር ነው። የመጀመሪያው ስለ ነገ የሚያውቀውን ያህል ብቻ ተናግሮ ባዶ እጁን ይመለሳል። በዚህ አያያዛችን ሐቀኛ ሰው እስካሁን አለመጥፋቱ ይገርመኛል።

ስንወድቅ ደግሞ «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» እንላለን። ሳንገራው፣ ሳንለጉመው ዘለን የወጣነው እኛ መሆናችን ተረቱ ውስጥ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ውስጥ ቻርልስ ፖንዚ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ አሰለፈ፤ ለፊተኛው የሚከፍለው ከኋለኛው በተቀበለው ነበር። በዚያው መንገድ የሄደው የኒው ዮርኩ ባለ ገንዘብ በርናርድ ማዶፍ ከዚያ የረቀቀ ነበር፤ ትርፉን ልከኛ አደረገው፣ ገንዘብ ይዘው ከመጡትም አንዳንዶቹን «አልቀበልም» ብሎ መለሳቸው። የተመለሰ ሰው አማላጅ ይዞ ይመጣል! እ.ኤ.አ. በ2008 ማዶፍ ሲያዝ በደንበኞቹ ሒሳብ ላይ በወረቀት ብቻ የሰፈረው ገንዘብ ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር።

ለእኔ ግን የሙያው ቁንጮ ቪክቶር ሉስቲግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ፓሪስ ውስጥ የመንግሥት ሹም ነኝ ብሎ የኤፍል ማማን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ «ሸጠ»። እንደሚተረከው፣ ገዢው መጠራጠር ሲጀምር ሉስቲግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጉቦ ጠየቀው። ነጋዴው እፎይ አለ፤ ለካ እውነተኛ ሹም ኖሯል! ከተበላ በኋላም መሳቂያ እንዳይሆን ፈርቶ ለፖሊስ ትንፍሽ አላለም። ሉስቲግ ዝምታውን አይቶ ያንኑ ማማ እንደገና ሊሸጥ ተመለሰ።

ዛሬም የተጭበረበረ ሰው ተፈልጎ አይገኝም። ሁሉም ያለው «አንድ የማውቀው ሰው» ነው። የሚገርመው፣ ተራኪው የዚያን ምስኪን ደረሰኝ ቀለም፣ የፈረመበትን ቀን፣ የአጭበርባሪውን ክራቫት ሳይቀር ያስታውሳል። እኛም ለይሉኝታ ስንል አናፋጥጠውም፤ «ለመሆኑ ያ ወዳጅህ ገንዘቡ ተመለሰለት?» ብለን ብቻ እንጠይቃለን።

«ሰኞ እመልስልሃለሁ ብሎኛል» ይላል።