ዲስኩ ከሞተ አራት ወር ሆኖታል፣ እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት

ኧረ ዛሬስ በጣም ነው የተናደድኩት። ፋይል ሰርቨሩ ላይ ሁለት ባለ 4 ቴራ ዲስክ በሬይድ 1 (ሁለቱም ዲስክ ላይ አንድ አይነት ዳታ የሚጽፍ ሚረር) አስሬ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ ብዬ ተረጋግቼ ነበር የምተኛው። ዛሬ ለሌላ ጉዳይ ገብቼ ኤምዲስታትን (የሊኑክስ ሬይድ ሁኔታ የሚታይበትን ፋይል) ስከፍተው ሁለት ዩ መኖር የነበረበት ቦታ ላይ አንድ ዩ እና አንድ ሰረዝ (ዩ ማለት ዲስኩ ይሰራል፣ ሰረዝ ማለት የለም)! ሎጉን ወደኋላ ሳየው ዲስኩ ከወደቀ አራት ወር አልፎታል። አራት ወር ሙሉ የስንት ሰው ስራ በአንድ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሎ እኔ ሚረር አለኝ እላለሁ።

ዲስክ ይሞታል፣ ሚረር የምንሰራውም ለዛ ነው፣ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ያበገነኝ ዝምታው ነው። ኤምዲአድም (ሬይዱን የምናስተዳድርበት ፕሮግራም) እኮ ሞኒተር አለው፣ ዲስክ ሲወድቅ ኢሜይል ይልካል። ልኳልም! ደቢያን ሊኑክስ ላይ ኮንፊጉ ውስጥ ተሞልቶ የሚመጣው ተቀባይ ሩት (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት) ነው፣ እና መልዕክቱ እዛው ሰርቨሩ ውስጥ የሩት ሜይል ሳጥን ውስጥ አራት ወር ተቀምጧል። ማነው የሩትን ሜይል የሚከፍተው??

ደግሞ ያነበብኳቸው መመሪያዎች በሙሉ ክሬት በል፣ ፎርማት አድርግ፣ ማውንት አድርግ፣ በቃ አለቀ ነው የሚሉት። ኮንፊጉን ሴቭ አድርገህ ኢኒትራምኤፍኤስን (ሲስተሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነውን ትንሽ ፋይል) ካላደስክ ሪቡት ስታደርግ ኤምዲ0 ብለህ የሰየምከው ሬይድ ኤምዲ127 ሆኖ እንደሚመጣ አይነግሩህም፣ ሲስተሙም ሚረሩ ላይ ከሆነ ግራብ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሁለቱም ዲስክ ላይ ካልተጫነ የመጀመሪያው ሲሞት ሰርቨሩ ላይነሳ እንደሚችል አይነግሩህም፣ ሞኒተሩን በቴስት አስነስተህ ሜይሉ በእርግጥ ስልክህ ላይ መግባቱን እይ የሚል አንድ መስመር እንኳን የለም። አንድ መስመር! ሚረር ካለን ባክአፕ ምን ያደርጋል የሚሉኝ ሰዎችም አሉ፣ በስህተት የጠፋ ፋይል እኮ ከሁለቱም ዲስክ ነው እኩል የሚጠፋው።

አሁን አዲስ ዲስክ ጨምሬ ሪቢልድ እያደረገ (ዳታውን ወደ አዲሱ እየገለበጠ) ነው። ኤምዲ (የሊኑክሱ ሬይድ) ፋይሎቹ የቱ ጋ እንዳሉ ስለማያውቅ ባዶውንም ቦታ ጭምር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይገለብጣል፣ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢሄድ እንኳን ከ7 ሰዓት በላይ ነው። ያ ሁሉ ሲነበብ የሚውለው ደግሞ የቀረው አሮጌ ዲስክ ነው፣ ከሞተው ጋር በአንድ ቀን የተገዛ፣ እኩል ሰዓት የሰራ። ሰው ሁሉ እንዳይነካው ሼሩን (የጋራ ፎልደሩን) ዘግቼ ቁጭ ብያለሁ። 31 በመቶ ላይ ነው።