ሁለት ኪሎ ድንች በደች ቋንቋ

ሮተርዳም ውስጥ ብላክ የሚባለው ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል። ሆላንድ በገባሁ ሰሞን ድንች ልገዛ ሄድኩ። በእንግሊዝኛ አስቤ ወደ ደች ስለምመልሰው ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኪሎዎች» አልኩ፤ መሀል ላይ ደግሞ «የ» የሚመስል ቃል ሰነቀርኩ። ሻጩ ረጋ ብሎ አረመኝ፦ «ትቬ ኪሎ አርዳፕለን»። ሁለት ኪሎ ድንች!

ይሄማ የእኛው ነው። እናቴ ገበያ ስትልከኝ «ሁለት ኪሎ ድንች ይዘሽ ነይ» እንጂ «ኪሎዎች» ብላኝ አታውቅም። ደቾቹ ድንቹን ያበዙታል እንጂ ኪሎውን አይነኩትም። ሦስት ዩሮም ያው ዩሮ ነው፤ አምስት ዓመትም ያው ዓመት። ቀንና ደቂቃ ላይ ሲደርሱ ግን ያበዛሉ፤ እሱን መሸምደድ ነው።

ግሱም እንደዚሁ። በተራ ዓረፍተ ነገር ሁለተኛው ቦታ የግሱ ነው። «ኦምዳት» ማለትም «ስለ» ወይም «ምክንያቱም» ሲመጣ ግን ግሱ ወደ መጨረሻ ይሄዳል፦ «ኦምዳት ኢክ ትቬ ኪሎ አርዳፕለን ኮፕ»። ቃል በቃል «ስለ፣ እኔ፣ ሁለት ኪሎ ድንች፣ እገዛ» ነው። እኛ አፍ ከፈታን ጀምሮ ግስ መጨረሻ ላይ ስንጠብቅ ኖረናል። አዲስ የሚመጡ ልጆች «ይሄ ቋንቋ አይገባኝም» ብለው ተስፋ ሲቆርጡ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው። በእንግሊዝኛ በኩል አትዙሩ፤ ከአማርኛችሁ ተነሱ እላቸዋለሁ።

ሰዓት ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። «ሃልፍ ድሪ» ሦስት ተኩል አይደለም፤ ሦስት ሊሞላ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው፣ በእኛ ስምንት ተኩል። እኔ ዘጠኝ ተኩል ደርሼ ቀጠሮዬ ተሰርዞ ጠበቀኝ። ሁለት ወር ሌላ ቀጠሮ ጠብቄያለሁ። አይብ ስትገዙም «ኦንስ» 100 ግራም፣ «ፖንድ» 500 ግራም መሆኑን ያዙ።

አይብ ሻጯ ቆርጣ ሚዛን ላይ ታስቀምጥና ትንሽ ካለፈ ትጠይቃለች፦ «ማኽ ሄት ኢትስየ ሜር ዛይን?» ትንሽ ቢበልጥ ይሁን? መጀመሪያ ቀን ምርቃት መስሎኝ ደስ አለኝ። ትርፏም በግራም ተሰልታ ሂሳቡ ውስጥ ገባች። ሳይጠይቁ አለመጨመራቸውን እወድላቸዋለሁ፤ ሐቀኛ ጥያቄ ነው። ግን ሰፈራችን ጉልት ላይ የሚቀመጡት እማማ ሽንኩርቱን መዝነው ከጨረሱ በኋላ፣ «ይመርቁልኝ» ሳልላቸው፣ ሁለት ራስ አንስተው ዘንቢሌ ውስጥ ጣል ያደርጉልኝ ነበር። ለዚያ «ምርቃት» ለሚባለው ቃል እስከዛሬ የደች አቻ አላገኘሁለትም።