የኦፕራሲዮኑ ወረቀት በእናትየዋ እጅ ይሁን

ታናሽ እህቴ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ሰባት ወር ሲሞላት፣ ክትትል ወደምታደርግበት የግል ሆስፒታል አብሬያት ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ካርዷን ገለጥ ገለጥ አደረገና "የመጀመሪያው በኦፕራሲዮን ነው?" ብሎ ጠየቃት። "አዎ" አለችው። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ቀና ብሎ አየና የምትከፈትበትን ቀን ቆርጦ ነገራት። "በምጥ መሞከር አልችልም?" ስትለው "አንዴ የተከፈተ ማህፀን ለምጥ አይታመንም" አላት።

የመጀመሪያ ልጇን ለምን በኦፕራሲዮን እንደወለደች አልጠየቃትም። ማህፀኗ በየት በኩል እንደተከፈተም አልጠየቃትም። ቢጠይቃትም የምትመልሰው አልነበራትም። ከሦስት ዓመት በፊት ከሌላ ሆስፒታል ስትወጣ የሰጧት ወረቀት "በቀዶ ጥገና ወልዳለች፤ እናትና ልጅ ደህና ናቸው" ከሚል አንድ መስመርና ከማይነበብ ፊርማ በስተቀር ምንም የለበትም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ወረቀት ነው።

የሐኪሙ አባባል የራሱ ፈጠራ አይደለም። ኤድዊን ክሬጊን የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1916 "አንዴ በቀዶ ጥገና፣ ሁልጊዜ በቀዶ ጥገና" ብሎ ጽፎ ነበር። ክሬጊን ይህን ያለው ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን አቅልለው እንዳያዩት ለማስጠንቀቅ ነው። ደግሞም በእሱ ዘመን ማህፀን የሚከፈተው የላይኛው ወፍራም ጡንቻ ላይ፣ በቁመት ነበር። እንዲህ ያለ ጠባሳ ምጥ ሲበረታ ሊተረተር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ማንሮ ኬር የማህፀኑን የታችኛውን ስስ ክፍል በአግድም መክፈትን አስፋፋ። ዛሬ አዲስ አበባም ይሁን ጎንደር በአብዛኛው የሚደረገው ይኸው ነው። ምላጩ መንገዱን ከቀየረ መቶ ዓመት ገደማ ሆነው፤ አባባሉ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ማህፀናቸው አንዴ ብቻ፣ በአግድም ከተከፈተ እናቶች መካከል ምጥ ከሚሞክሩት ከመቶ ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ይሳካላቸዋል። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ እንኳ በምጥ የወለደች ከሆነች ዕድሏ ከ85 በላይ ነው። ማህፀን የመተርተር አደጋው ከ200 ምጦች በአንዱ ገደማ ላይ ይደርሳል። አልፎ አልፎ የሚመጣ ነው ብዬ ላቃልለው አልፈልግም፤ ሲመጣ ልጁን በደቂቃዎች ውስጥ፣ እናቲቱንም በደም መፍሰስ ሊነጥቅ ይችላል። ማህፀኗ በቁመት ለተከፈተች ግን አደጋው ከመቶ ከ4 እስከ 9 ይደርሳልና እሷን "ሞክሪ" ማለት ጭካኔ ነው። ለአንዷ ደህና የሆነው ለሌላዋ የሞት መንገድ የሚሆነው በዚያ የመቀደጃ አቅጣጫ ነው።

ይህ አቅጣጫ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ብዙ እናቶች ሆዳቸው ላይ ያለውን ጠባሳ እያሳዩ "የኔ ወደ ጎን ነው" ሲሉ ሰምቻለሁ። የቆዳው ጠባሳ አግድም ሆኖ ማህፀኑ በቁመት የተከፈተ ሊሆን ይችላል፤ ተገላቢጦሹም እንዲሁ። ልጁ ያለ ጊዜው ሲመጣ ወይም ተጋድሞ ሲገኝ ሐኪሙ ያላሰበውን መቅደድ የሚገደድበት ጊዜ አለ። ያንን የሚያውቀው በዚያች ሰዓት ጠረጴዛው አጠገብ የቆመው ሰው ብቻ ነው። እሱ ካልጻፈው ማንም አያውቀውም፤ ጽፎት ለእናቲቱ ካልተሰጣትም እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

እኔና እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ወደወለደችበት ሆስፒታል ሄድን። የካርድ ቁጥሯ ጠፍቶባት ነበርና የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ በስምና በዓመተ ምሕረት ስትፈልግ አንድ ሙሉ ጠዋት ዋለች። ካርዱ ተገኘ፤ የኦፕራሲዮኑ ገጽ ግን ውስጡ የለም። በማግሥቱ አንዲት ነርስ አዝናልን የኦፕራሲዮን ክፍሉን መዝገብ አወጣችልን። ጠርዙ የተበላ፣ ሰፊ መዝገብ ነው። በጣቷ እየተከተለች ወረደችና የእህቴ ስም ላይ ቆመች። ልጁ በመቀመጫው መምጣቱንና ማህፀኗ ከታች በአግድም መከፈቱን የምትገልጽ ግማሽ መስመር ነበረች። በስልኬ ፎቶ አነሳኋት።

ያችን ፎቶ ይዘን ወደ አንድ የመንግሥት ሪፈራል ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ ፎቶዋን አጉልታ አነበበች። በመቀመጫ መምጣት በየእርግዝናው የሚደጋገም ምክንያት እንዳልሆነ፣ በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው ሦስት ዓመትም ጥሩ እንደሆነ ነገረችን። "ማታም ሌሊትም ኦፕራሲዮን ክፍላችን ዝግጁ ነው። እንሞክር፤ አልሄድ ካለሽ ወዲያው እንገባለን" አለቻት። ሌሊት የኦፕራሲዮን ቡድን የሌለው ሆስፒታል "እዚህ አትሞክሪ" ቢላት ግን አልቀየመውም። በታማኝነት "እኛ ጋ አይቻልም፣ እዚያ ሂጂ" ማለት ሕክምና ነው። ምክንያቱን ሳይጠይቁ ቀን መቁረጥ ግን ሕክምና አይባልም።

እኔና እህቴ ጊዜም ታክሲም ነበረን። ከገጠር ወረዳ በአምቡላንስ መጥታ በኦፕራሲዮን የወለደችዋስ? እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገር አቀፍ ደረጃ በቀዶ ጥገና የሚወለዱት ከመቶ 2 ሲሆኑ በአዲስ አበባ ግን 21 መሆናቸውን አሳይቷል። በአንድ በኩል ኦፕራሲዮን አጥተው የሚሞቱ እናቶች አሉን፤ በሌላ በኩል ያለ በቂ ምክንያት ደጋግመው የሚከፈቱ። ወረቀቱ ለሁለቱም ያስፈልጋል። የገጠሯ እናት ቁስሏ ከዳነ በኋላ ስለ ጠባሳዋ የነገራት ሰው ከሌለ፣ በሚቀጥለው ምጥ ኦፕራሲዮን ክፍል ወደሌለው ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ ወይም እቤቷ ትቀራለች። ለእሷ ምጡ ከመጀመሩ በፊት ወደ ሆስፒታል መጠጋት ግድ ነው። በጉራጌው አጣጥ ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የቆየው የእናቶች ማቆያ ይህ እንደሚቻል አሳይቶናል። እዚያ ሰንብተው ከወለዱት መካከል የሞቱት፣ ሳይሰነብቱ ከመጡት ጋር ሲነጻጸሩ በብዙ እጥፍ ያነሱ ነበሩ። ማቆያ መግባት እንዳለባት የሚነግራት ግን ያው ወረቀት ነው።

ለከተማዋ እናት ደግሞ አደጋው ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ኦፕራሲዮን በሰላም ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ ሦስተኛውም። ነገር ግን በየጊዜው የሚጨመረው ጠባሳ የሚቀጥለውን የእንግዴ ልጅ ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ የእንግዴ ልጁ የማህፀኗን አፍ ሸፍኖ በተገኘባት እናት ላይ፣ ከማህፀን ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የመቅረቱ ዕድል በሁለተኛው ኦፕራሲዮን ከመቶ 11፣ በሦስተኛው 40፣ በአራተኛው 61 መሆኑን አግኝቷል። ያ ሲሆን ብዙ ጊዜ ማህፀኑ ራሱ ይወጣል፤ ደምም እንደ ጎርፍ ይፈስሳል። አራት ልጅ መውለድ ብርቅ ባልሆነበት አገር ሁለተኛውን ኦፕራሲዮን እንደ ቀላል ነገር ቀጠሮ መያዝ እጅግ ያሳስበኛል።

ይህን ስል በኦፕራሲዮን የወለደችውን ማሳነሴ አይደለም። እናታችን ስድስታችንንም የወለደችን እቤት ነው። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ከጠያቂዎቹ አንዷ ገንፎ እየበላች "ይቺማ ምጥ ሳታይ ተገላገለች" ስትል እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሆዷ ተቀድዶ፣ ለሳምንታት ጎንበስ ብላ ለሄደች ሴት እንዲህ አይባልም። በምጥ ሞክራ ያልተሳካላትም ብትሆን ምንም አልወደቀችም።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት የሚፈልግ ነገር አይደለም። ማህፀኗ የተከፈተ እናት ሁሉ ከሆስፒታል ስትወጣ፣ ለምን እንደተከፈተች፣ በየት በኩል እንደተከፈተች፣ በቀዶ ጥገናው ወቅት ያጋጠመ ነገር ካለ ምን እንደሆነ፣ ቀጣዩን የት መውለድ እንዳለባትና ምጥ መሞከር ትችል እንደሆነ የሚገልጽ ካርድ ይሰጣት። የሕክምና ወረቀታችን የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህኛው ግን እሷ ወይም ጎረቤቷ በሚያነቡት ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ይጻፍ። ጤና ሚኒስቴር ፎርሙን ያውጣ፤ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር ይዘቱን ይወስን። የክትባት ካርድ ለዚህ ምስክር ነው። በየመንደሩ ያለች እናት ካርዷን ለዓመታት ጠቅልላ ትይዛለች፤ እንደሚያስፈልጋት ተነግሯታልና።

የእህቴ ምጥ አሥራ አንድ ሰዓት ፈጀ። አዋላጇ የእንጨት መስሚያዋን ሆዷ ላይ አሳርፋ ጆሮዋን አስጠግታ፣ ሌላ እጇን የእህቴ የእጅ አንጓ ላይ አድርጋ፣ የልጁን ልብ በየጊዜው ትቆጥር ነበር። ጠባሳ ሲተረተር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው የልጁ ልብ ነው። "አይዞሽ የኔ እናት፣ ደህና ይመታል" ትላታለች፤ ጽፋ ትሄዳለች፤ ተመልሳ ትመጣለች። ሊነጋ ሲል ልጅቷ ተወለደች።

በማግሥቱ ሲያስወጧት እህቴ ከአልጋው አልወርድም አለች። "ወረቀቱ ላይ ሁሉንም ጻፉልኝ" አለች። ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠችና በአማርኛ፣ በሚነበብ ጽሑፍ አምስት መስመር ጻፈችላት፤ የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ለምን እንደሆነ፣ ማህፀኗ በየት በኩል እንደተከፈተ፣ ሁለተኛዋን በምጥ እንደወለደች። እህቴ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ከሁለቱ ልጆቿ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ላስቲክ ጠቀለለችው።