የሰው አገር መሪ ሲያምር!

እኛ የራሳችንን ባለሥልጣን ማመስገን የሚተናነቀን ሰዎች ነን። ሚኒስትርም ይሁን የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ ስሙ ሲነሳ ፊታችን ይጠቁራል። "ተወኝ እስቲ በናትህ" እንላለን፣ ከዚያ ቡናው እስኪቀዘቅዝ እናማዋለን። (ለብዙዎቹ ሐሜቱ አይበዛባቸውም፣ እሱን ልተወው።) የውጭ መሪ ቦሌ ሲያርፍ ግን ምን እንደሚነካን እንጃ። ያው ሲያማ የነበረ አፍ እልል ይላል። ያው እጅ ባንዲራ ያውለበልባል፣ ያውም የሰውየውን አገር ባንዲራ፣ የቱ ወገን ወደ ላይ እንደሚሆን እንኳ ሳያጣራ።

ኦባማ የመጣ ጊዜ የነበረውን ግርግር አስታውሱ። ሐምሌ 19 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ እሑድ። በሥልጣን ላይ ያለ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኢትዮጵያን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ዕለቱ ደግሞ የቁልቢ ገብርኤል ነው። ስለት ያለበት ሰው ጥላውን ይዞ ወደ ቁልቢ ወጥቷል፣ አዲስ አበባ የቀረው ሌላ ስለት አለበት። ስለቱም ቪዛ ነው። ሰውየው በከተማችን ካለፈ በኋላ ኤምባሲው ልቡ ይራራል ብሎ የሚያስብ ስንት ሰው እንደነበረ ብታዩ! አንዲት የሰፈራችን እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቦሌ መንገድ ሲገሰግሱ አገኘኋቸውና "እማማ፣ ዛሬ ቁልቢ አይሄዱም እንዴ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ገብርኤልማ ታኅሣሥም አለ" አሉኝ። "ይሄኛው ግን በዓመት ሁለቴ አይመጣም።"

ምን ትላላችሁ? ሒሳቡ ልክ ነው።

መንገዱ ከተዘጋ ቆይቷል። እንደ ልማዱ "አሽከርካሪዎች ተለዋጭ መንገድ እንድትጠቀሙ" ተብሏል። ተለዋጩ መንገድም ተዘግቷል። የተለዋጩ ተለዋጭ ደግሞ ለባቡር ተቆፍሮ ገና አፈሩ አልተነሳም። ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ በእግሩ የሚሄደውንም ፖሊሱ "ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!" ይለዋል፣ ወደ ኋላ ያለው ደግሞ ቦይ ነው። ግን ማንም አልተነጫነጨም። በማግስቱ የራሳችን ሚኒስትር ለግማሽ ሰዓት መንገድ ቢያዘጋ "ይሄን ያህል ማን ሆኖ ነው?" የምንለው እኛው፣ ያን ቀን ቦዩ ውስጥ ቆመን አንገታችንን አስግገን ጠበቅን።

በመጨረሻ አጀቡ መጣ። ሞተር ሳይክል፣ ጥቁር መኪና፣ ጥቁር መኪና፣ አምቡላንስ፣ ከዚያ "አውሬው" የሚሏት ያቺ መኪና። ችግሩ "አውሬው" አንዷ ብቻ አይደለችም። መንትያ አላት። አንዷ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ይቀመጣል፣ ሌላዋ ለማደናገሪያ ነው። ስለዚህ የመንገዱ ግማሽ ለኦባማ፣ ግማሹ ደግሞ ለባዶ ወንበር እልል አለ። ማን ለማን እንዳለ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እማማ ግን እርግጠኛ ናቸው።

"እጁን አወዛወዘልኝ!"

"እማማ፣ መሽቷል፣ መስታወቱም እኮ ጥቁር ነው፣ ከየት አይተውት?"

"እኔ አየሁት አልኩህ? እሱ አየኝ።"

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ዝም አልኩ።

ለነገሩ ኦባማ ወደ እኛ የመጣው ከናይሮቢ ነው፣ እዚያ ደግሞ የባሰ ነበር። የአባቱ አገር ነውና ሙሽራ እንደመቀበል አድርገውታል። የከተማዋ ገዢ ኢቫንስ ኪዴሮ እንግዳው ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት መንገድ ዳር ሣር አስተከሉ። ሣር ደግሞ ፕሮቶኮል አያውቅም። ቶሎ ብቀል ቢሉት አልበቅልም አለ፣ ኬንያውያንም "የኪዴሮ ሣር" እያሉ ሲሳለቁበት ከረሙ። እኛ በዚህ በኩል ብልጦች ነን። ሣር አንተክልም። ቆርቆሮ አጥር እናቆምና ቀለም እንቀባዋለን። ከአጥሩ ጀርባ ያለው ሰፈር እንዳለ ነው፣ ውሃው እንደጠፋ ነው፣ እንግዳው ግን አረንጓዴና ቢጫ እያየ ያልፋል። ልጅ እያለን "እንግዳ ሲመጣ ጓዳ አትግቡ" እንባል የነበረው ለካ የመንግሥት ፖሊሲ ኖሯል።

ቤተ መንግሥት ደግሞ ድንቅነሽን አወጡለት። ዋናዋን! የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷን እመቤት አጥንት በእጁ እንዲነካ ተፈቀደለት። እኔና እናንተ አምስት ኪሎ ሙዚየም ትኬት ቆርጠን የምናየው ቅጂዋን ነው። አልቀናሁም እያልኩ አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ይሄ ሁሉ ፍቅር ከየት ይመጣል? "እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ስለሆንን ነው" የሚለውን መልስ ለቴሌቪዥን ልተውለት። እኔ የማምነው ሌላ ነው። የሰው አገር መሪ የሚያምረው ከእኛ ጋር ሒሳብ ስለሌለው ነው። መብራት ሲጠፋ ስሙ አይነሳም። መታወቂያ ለማሳደስ ስንሄድ "ሲስተም የለም" የሚለን የእሱ ሰው አይደለም። የእሱ ግብር ሰብሳቢ ሱቃችን ደጃፍ ላይ ቆሞ አያውቅም። ንግግሩን ሰምተን፣ ፈገግታውን አይተን፣ ሚስቱ ምን እንደለበሰች ተከራክረን እንለያያለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይሄዳል። በሰዓቱ! የሚሄድ መሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስሜቱ ለየት ያለ ነው።

የሰውየውን የቤት ስም ማወቅ የፈለገ አገሩ ሄዶ ይጠይቅ። ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ዘመድ አለኝ። ኦባማ አዲስ አበባ የገባ ሰሞን ደወልኩለትና በደስታ "ሰውያችሁ እኛ ጋ ነው!" አልኩት።

"እዛው አቆዩልን" አለኝ። "እራት ሊበላ በወጣ ቁጥር መንገድ እየተዘጋ እኔ እራቴን ላጣ ነው።"

ያው እሱም እንደኛ ነው፣ ለእሱ ኦባማ ማለት ቀበሌ ነው። ጃንሆይን ብትጠቅሱለት ግን ዓይኑ እንባ ያቀራል፣ እሳቸው በወረዱ ጊዜ ገና ያልተወለደ ሰው።

ጃንሆይን ካነሳን አይቀር፣ የእኛም ሰው በሰው አገር እንዲህ አምሮ ያውቃል። በ1946 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ሲገቡ ሕዝቡ ከፎቅ ላይ ብጥስጣሽ ወረቀት እንደ በረዶ አዝንቦባቸዋል። ጃማይካ የሆነው ደግሞ ለጉድ ነው። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. አውሮፕላናቸው ኪንግስተን ሲያርፍ ራስተፈሪያኑ አጥሩን ጥሰው አስፋልቱን ሞሉት፣ ቀይ ምንጣፉ ከሰው እግር ሥር ጠፋ፣ ጃንሆይም ከአውሮፕላኑ መውረድ አቅቷቸው ቆዩ። በመጨረሻ ሞርቲመር ፕላኖ የሚባለው የራስተፈሪያኑ ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡን መንገድ አስከፍቶ ነው የወረዱት። እዚያ አምላክ ናቸው! ዕለቱ እስከ ዛሬ እንደ በዓል ይከበራል።

ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ እዚሁ አዲስ አበባ በትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ መንገድ ዳር የቆመው የገዛ ሕዝባቸው ይጮህላቸው የነበረው "ሌባ! ሌባ!" ነው። ሰውየው ያው ናቸው። ልዩነቱ፣ የኪንግስተን ሰው ለጃንሆይ ግብር ከፍሎ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የደርግ ጊዜ እልልታውን ሥራ አደረገው። ፊደል ካስትሮ በ1971 ዓ.ም. ለአብዮቱ በዓል ሲመጡ አደባባዩ ጢም ብሎ ነበር፣ ፊልሙን ያያችሁ ታውቃላችሁ። ጎረቤቴ ጋሼ እዚያ ከቆሙት አንዱ ናቸው። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ካስትሮን እውነት ወደውት ነው ያን ያህል ያጨበጨቡለት?" አልኳቸው።

"ካስትሮን የት አየሁት?" አሉኝ። "ከፊቴ የነበረው የቀበሌው ስም መዝጋቢ ነው። ለእሱ ነው ያጨበጨብኩት።"

ለአሁኑ ትውልድ ስም የሚመዘግብ አያስፈልግም፣ ስልክ አለን። በገዛ እጃችን ተሰልፈን፣ በገዛ እጃችን ቀርፀን፣ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ለዓለም እናሳውቃለን።

ሐምሌ 7 ቀን 2010 ዓ.ም.ን ብዘለው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አይዘለልም። ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ ቦሌ ያረፉበት ቀን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስማቸውን ከእርግማን ጋር ሲጠራ የኖረ ቴሌቪዥን በአንድ ሌሊት "አንተ"ን ትቶ "እርስዎ" አለ። ሕዝቡ ከቦሌ ጀምሮ መንገዱን ሞላው። ሁለቱ መሪዎች ጎን ለጎን የታተሙበት ካናቴራ እንደ ትኩስ አምባሻ ተሸጠ። በማግስቱ ሚሊኒየም አዳራሽ ውስጥ ያልዘፈነ፣ ያላለቀሰ፣ ያልተቃቀፈ የለም። ዕንባው የእውነት ነበር፣ ይሄን አላሾፍበትም። ሃያ ዓመት እናቱን ወይ ወንድሙን ያላየ ሰው ሲያለቅስ ዝም ነው የሚባለው። የምስቀው በእኛ ነው፣ ሰላሙንና ሰውየውን መለየት ስላቃተን። ሰላሙን ልንስም ሄደን ፖስተሩን ስመን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ጊዜው ስንቴ እንደተገለባበጠ ታውቃላችሁ። ካናቴራውን ዛሬ ለብሶ የሚወጣ አላየሁም። አንድ ጋራዥ ውስጥ ግን የሞተር ዘይት ሲጠረግበት አይቻለሁ፣ የሁለቱም ፈገግታ እንዳለ ነበር።

ወደ ኦባማ ልመለስና ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ፍቅሩ ትንሽ የነቃበት ሰዓት ነው። በግንቦቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ለተቃዋሚ አንዲት ወንበር ሳያስቀሩ ፓርላማውን ጠቅልለው በወሰዱ በሁለት ወሩ ኦባማ ከጋዜጠኞች ፊት ቆሞ መንግሥታችንን "በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ" አለው። ሻይ ቤት ውስጥ ነበርን። ለአንድ አፍታ ማንኪያ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንዱ ደንበኛ "እንግዳ እኮ ነው፣ ምን ያውቃል" ብሎ ነገሩን አበረደው። ይታያችሁ፣ ይሄንኑ ቃል የራሳችን ሰው ቢናገረው ሻይ ቤቱ ይናወጥ ነበር። ለኦባማ ግን ይቅርታው ከነስኳሩ ቀረበለት።

ሁለተኛው ሐምሌ 21 ቀን በአፍሪካ ኅብረት፣ ማንዴላ አዳራሽ ውስጥ የሆነው ነው። እኔ ከጉብኝቱ ሁሉ የምወደው ይሄን ነው። ኦባማ ተነሳና የሥልጣን ዘመናቸው አልቆ አልወርድም ስለሚሉ መሪዎች አወራ። እኔ ጥሩ ፕሬዚዳንት የሆንኩ ይመስለኛል፣ ብወዳደር ላሸንፍም እችላለሁ፣ ግን አልችልም፣ ሕግ ሕግ ነው አለ። የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት ሊኖር አይገባም አለ። በተለይ ብዙ ገንዘብ ካላቸው በኋላ ለምን መቆየት እንደሚፈልጉ አይገባኝም ሲልማ አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ! ያን ዓመት የኅብረቱ ሊቀ መንበር ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ዚምባብዌን ሲገዙ የኖሩት ሮበርት ሙጋቤ ናቸው። ያጨበጨበው ሰው ነገ ወደየአገሩ ተመልሶ ይሄንኑ ንግግር ከገዛ መሪው ፊት ቢደግመው ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። ስለዚህ እዚያው፣ በሰው አፍ፣ የልቡን አጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር እኔም ቤቴ ሆኜ በቴሌቪዥን እያየሁ አጨብጭቤያለሁ፣ መስኮቱን ዘግቼ።

አሁን እነዚያ በኦባማ ስም የተከፈቱ ካፌዎችና ፀጉር ቤቶች ምን ላይ ደረሱ? ብዙዎቹ ስማቸውን ለውጠዋል። አንድ የማውቀው ምግብ ቤት ግን ሰሌዳው እንዳለ ነው፣ የኦባማ አንድ ጆሮ በዝናብ ለቋል። ባለቤቱን ሒሳብ ስከፍል ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ሰውየው ከወረደ እኮ ቆየ፣ ለምን በአዲስ ስም አያድሱትም?"

"በማን ስም?" አሉኝ።

"በወቅቱ ባለው በአንዱ።"

ግራና ቀኝ አዩ፣ መልሴን ቆጥረው ሰጡኝ። "ሥልጣን ላይ ባለ ሰው ስም ሰሌዳ አላሠራም። ሲወርድ ማን የቀለሙን ይከፍለኛል?"