ለአንድ ጠዋት ጤነኛ

የቦሎ፣ ማለትም የዓመታዊው የመኪና ምርመራ ሰሞን ሲደርስ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ጎማ መዋዋስ ይጀመራል። ዓመቱን ሙሉ በአጥር ድንበር ሲነታረኩ የከረሙ ጎረቤታሞች እንኳ በዚህ ጉዳይ አይጨካከኑም። ሊሾ በሆነ ጎማ ምርመራ እንደማይታለፍ ሁሉም ያውቃል፤ አራት አዲስ ጎማ ባንዴ እንደማይገዛም ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ጎማው ከነቸርኬው ይፈታል፣ ማታ ይገጠማል፣ ጠዋት ምርመራውን ያልፋል፣ ከሰዓት በኋላ ለባለቤቱ ይመለሳል። በማግስቱ የባለቤቱ ተራ ነው።

መዋዋስም የራሱ ሙያ አለው። ሁለቱም መኪኖች ባለ አራት ብሎን ስለሆኑ ብቻ የአንዱ ቸርኬ ለሌላው ይገባል ማለት አይደለም። ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ አንዱ ላይ 100፣ ሌላው ላይ 114.3 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሳይለካ የተዋሰ ሰው መኪናውን በክሪክ አንጠልጥሎ ሲራገም ያመሻል። ጥርሱን ለማየት ደግሞ መሣሪያ አያስፈልግም። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ተበልቶ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ደርሷል፣ ጎማው አብቅቷል ማለት ነው። ዕድሜውም ጎኑ ላይ ተጽፏል። ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ 2319 የሚል ካለ ጎማው በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ እንደ ደረቀ ቆዳ የተሰነጣጠቀ ጎማ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ በቦሎ ቀን ብቻ የሚነሣው እስኮርታ፣ ተጠባባቂው ጎማ ነው።

ከጎማ ቀጥሎ የእሳት ማጥፊያ አለ። በየሰፈሩ አንዲት የታወቀች ቀይ ሲሊንደር ትኖራለች፤ ከማንኛውም መኪና የበለጠ ምርመራ ያለፈችው እሷ ናት። ባለሦስት ማዕዘኑ አንፀባራቂና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑ አብረዋት ይዞራሉ። የሣጥኑን ውስጥ ከፍቶ ያየ ሰው ብዙም የለም፤ ካየም ፋሻና የብርቱካን ልጣጭ ያገኛል። የራሱን ማጥፊያ የገዛ ሰውስ? የመለኪያዋ ቀስት አረንጓዴው ላይ ስላለ ብቻ መተማመን የለበትም። ዱቄቱ በመኪናው ንዝረት ታች ወርዶ ይጠቀጠቃል፤ በየጊዜው ገልብጦ መነቅነቅ ያስፈልጋል።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ይባላል። መኪና በዓመት አንድ ጊዜ ትመርመር ይላል። አገሩም ቃሉን በቃሉ ፈጸመ፦ መኪናዋ በዓመት ለአንድ ጠዋት ጤነኛ ትሆናለች።

ወደ ምርመራው እንግባ። መጀመሪያ የሚታየው ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር መግጠሙ ነው። ቁጥሩ ያለበት ቦታ በዘይትና በአቧራ ከተሸፈነ ከቤት ሳይወጡ በነጭ ጋዝና በብሩሽ መጥረግ ነው፤ አለዚያ ባለመኪናው ሸሚዙን ሰብስቦ ኮፈን ሥር ጎንበስ ይላል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ያላደሰ ደግሞ ባይሰለፍ ይሻለዋል።

የፍሬን ምርመራው የነገሩ ሁሉ እምብርት ነው። ጎማዎቹ በሁለት ሲሊንደሮች ላይ ይቀመጣሉ፣ ሲሊንደሮቹ በዝግታ ያዞሯቸዋል፣ ሹፌሩ ቀስ ብሎ ይረግጣል፣ ማሽኑ የግራውንና የቀኙን ጉልበት ለየብቻ ይመዘግባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍሬን «ይይዛል» ወይ «አይይዝም» ብቻ ስለሚመስለው ነው። ማሽኑ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ አለመያዙን ሳይሆን አለመመጣጠኑን ነው። ግራው በደንብ ይዞ ቀኙ ከሰነፈ መኪናዋ በድንገት ሲረገጥ ወደ ግራ ትጎትታለች፤ ዝናብ በጣለ ቀን ደግሞ ትዞራለች።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስት አይዘልም። ወይ የኋላው ታምቡር ውስጥ ያለው ትንሹ ፓምፕ አፍስሶ ሸራውን በፍሬን ዘይት አርሶታል፤ ወይ የፊቱን ዲስክ የሚጨብጠው ካሊፐር ፒስተን ዝጎ ተጣብቋል፤ ወይ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ ይቀየራል። አየር ለማስወጣት በአብዛኛው ከዋናው ፓምፕ በጣም ከሚርቀው፣ ማለትም ከቀኝ የኋላው ጎማ ይጀመራል። ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ሰው ባለመኪናው ነው። «ርገጥ! ርገጥ! ያዘው! ልቀቅ!» እየተባለ ግማሽ ሰዓት ሲረግጥ ይቆያል፤ ሲጨርስ የእጅ ዋጋ የሚከፍለውም እሱ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ቢቀየር ጥሩ ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውኃ ሲገባው ይህ ልክ ወደ 140 ይወርዳል። ከእንጦጦ ቁልቁል ፍሬን እየረገጠ ለሚወርድ ሰው ልዩነቱ እግሩ ሥር ይሰማዋል።

ጋራዡ ግን ለዚህ ሁሉ አጭር መድኃኒት አለው፤ የኋላውን ሸራ ማስተካከያ ታምቡሩ እስኪጨነቅ ድረስ ማጥበቅ። ማሽኑ ላይ ቁጥሩ ያምራል። መኪናዋ ከግቢው ወጥታ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስትሄድ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ይመጣል፣ ቸርኬው እጅ አያስነካም፣ ነዳጁም እንደ ጉድ ይወርዳል። ባለመኪናው መስኮቱን ከፍቶ «ከፊት ያለው ሲኖትራክ ነው» ይላል።

ጭስ ሌላው ጣጣ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር ያለው መኪና እዚህ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ይህ በማስተካከልና የአየር ፊልትሮ በመቀየር ይድናል። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፣ የፒስተን ፋሻ (ቀለበቱ) ወይም የቫልቭ ጎማ አልቋል። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ነጭ ጭስ ካላቋረጠና የራዲያተሩ ውኃ ከጎደለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩን ራስ ከሥሩ ጋር የሚያሽገው፣ ይጠረጠራል። ለቦሎ ሲባል 15 በ40 የነበረውን ዘይት ወፈር ባለው 20 በ50 መቀየርና ጭስ የሚያጠፋ ጣሳ መጨመር የታወቀ ዘዴ ነው፤ ለጥቂት ቀን ይሠራል። ሞተር ማሳጠብም እንዲሁ። ጉድጓድ ውስጥ ያለው መርማሪ ቀና ብሎ ሲያይ ሞተሩ ያበራል፤ ዘይቱ ማፍሰሱን የሚቀጥለው መኪናዋ መንገድ ስትይዝ ነው።

የፊት መብራት አቅጣጫን ግን ማንም ሰው ያለ ጋራዥ ማየት ይችላል። መኪናዋን ሜዳ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር አርቆ ማቆም፣ የአምፖሉን መሐል ከፍታ ግድግዳው ላይ ማመልከት፣ አጭሩን መብራት ማብራት። የብርሃኑ ጠርዝ ከምልክቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ካለ ጥሩ ነው። ለተራ አምፖል በተሠራ መብራት ውስጥ ኤልኢዲ የሰካ ሰው ቢለካም አይጠቅመው፤ ብርሃኑ ይበተናል፣ የእሱን መንገድ ትቶ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያበራል።

አሁን ወደ ጋራዡ። «በሬ ካራጁ ይውላል» የተባለው መኪና ሳይመጣ ነው፤ ቢዘገይ ኖሮ ምሳሌው ይቀየር ነበር። መካኒክ መኪና ሲቀበል የመጀመሪያ ንግግሩ አንድ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺን መኪና ማን ነካት?»

«እዚሁ አይደል እንዴ አምና የተሠራችው?»

«ኦ… ያ ልጅ እኮ ለቋል።»

በየጋራዡ አንድ የለቀቀ ልጅ አለ። በከተማው ውስጥ የተበላሸውን ሁሉ ያበላሸው እሱ ነው፤ የት እንደገባ ግን አይታወቅም። ሁለተኛው ንግግር «ዕቃ ብቻ ነው የቀረን» ይላል። ዕቃ ሦስት ዓይነት ነው፤ ኦርጅናል፣ ታይዋንና «ከኦርጅናል የማይለይ»። ሦስተኛው ካርቶኑ ኦርጅናል፣ ውስጡ ሌላ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ባለሱቅ ዋጋ ሲጠየቅ መጀመሪያ ስልኩን ያያል። መካኒኩ ብቻውን ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር፣ ወርዶ ከመጣ በደረሰኙ ላይ የእሱም ድካም ተጨምሮበታል። ባለመኪናው ብቻውን ከወረደ ደግሞ የማይገጥም ዕቃ ይዞ ይመለሳል። የሚሻለው አሮጌውን ዕቃ አስፈትቶ ይዞ መውረድ፣ የተቀረጸበትን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ማስተያየትና የማይገጥም ከሆነ እንደሚመለስ አስቀድሞ መነጋገር ነው።

የፊት ሸራ አለቀ ከተባለ «ስንት ቀረው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። አዲስ ሸራ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 3 ሲደርስ ይቀየራል። 7 የቀረውን «በቃ» የሚል መካኒክ ያለቀው የእሱ ኪስ ነው። የተፈታውን አሮጌ ዕቃ በእጅ መቀበልም ደንብ ነው፤ ቢሆንም ዘንድሮ የሚመለሰው አሮጌ ዕቃ የሌላ ሰው መኪና ዕቃ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሚስት ትጠቅማለች፤ ወደ ጋራዥ ከመሄድ በፊት ባትሪው፣ ዲናሞውና ካሊፐሩ ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ ማድረግ ነው። ቀዩ ደህና ይታያል። ዘይት ሲቀየርም ባለ 4 ሊትሩ ጋሎን ተከፍሎበት ቪትዟ 3 ሊትር ተኩል ገደማ ትጠጣለች፤ የቀረው ከጋሎኑ ጋር አብሮ ይጠፋል። ከየመኪናው በሚተርፈው የጋራዡ ባለቤት መኪና ትሄዳለች።

ጎማ ተፈትቶ ከተገጠመ ብሎኖቹ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ መልሰው መታየት አለባቸው። ለአብዛኞቹ ትንንሽ ቶዮታዎች የተጻፈው የማጥበቂያ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በሰፈር ጎሚስታ ዘንድ ልኩ የልጁ ኪሎ ነው፤ ቁልፉ ላይ ወጥቶ ሁለቴ ይዘላል። ብሎኑ ተወጥሮ ይቆያል፣ ጎማ በፈነዳ ቀን ደግሞ ሦስት ጎልማሳ ተባብረው አይፈቱትም።

አሁን አሁን እነዚህ ሁሉ ነገሮች የማይመለከቷቸው ሰዎች መጥተዋል። በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ የገዙት ሰዎች የጭስ ምርመራው ጋ ሲደርሱ ፈገግ ይላሉ። ልጁ የመለኪያውን ዘንግ ይዞ ከኋላ ጎንበስ ይላል፣ ቧንቧ ያጣል፣ ቀና ይላል። እነሱም ቢሆኑ ግን ጣጣ አያጡም። መኪናዋ ፍጥነቷን የምትቀንሰው በሞተሯ ስለሆነ ዲስኩ ሥራ ፈትቶ ይዝጋል፣ ከባድ ስለሆነች ጎማ ትበላለች። መካኒኩም ቋንቋውን አሻሽሏል። በካርቡራተር ዘመን «ካርቡራተር ነው» ይል ነበር፣ ቀጥሎ «ሴንሰር ነው» አለ፣ አሁን እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጋሼ፣ ይሄ ሶፍትዌር ነው» ይላል።

አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌር አይደለም። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ኮፈን ሥር ያለው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲሞት መኪናዋ በር እንኳ አትከፍትም። ያን ጊዜ ባለቤቱ ገመድ ይፈልጋል፣ ገመድ ያለው ጎረቤት ይፈልጋል፤ ያችን ሚሊዮኖች የወጡባትን መኪና ቆማ የሚያስነሣት በፍሬን የወደቀችው የጎረቤት ቪትዝ ትሆናለች።